ቃልና ቁራሽ፦ የክርስትና ትምህርትና አገልግሎት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ውርጫም አናት ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተሰነጣጠቀ የሚወርደው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ በመሬቱ ሀብት የሚታወቅ አገር አይደለም፤ አፈሩ በብዙ ቦታ ታጥቦ ያለቀ፣ ዝናቡ የማይታመን፣ ገበሬው ከመኸር እስከ መኸር በጭንቅ የሚሻገርበት ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ድጓ በተባለው የዜማ መጽሐፍ መምህርነት ሊመሰከርለት የሚሻ ሰው ከየትኛውም አገር ቢነሣ እግሩ በመጨረሻ የሚያመራው ወደዚሁ ነው። ዛሬ ስብከተ ወንጌል፣ ተራድኦና መንፈሳዊ ዕድገት እየተባሉ በየራሳቸው ክፍል የሚደራጁት ሦስት ሥራዎች በዚህ አገር ለረጅም ዘመን ተነጣጥለው አልኖሩም፤ የኔታ የሚባለው መምህር ቃሉን ይሰጣል፣ ገበሬው ቁራሹን ይሰጣል፣ ተማሪውም በሁለቱ አድጎ ወደ ሌላ አገር ይሄድና ወንበር ይዘረጋል፣ ማለትም የራሱን ጉባኤ ከፍቶ ያስተምራል። ድኻ አገር ይህን ያህል ትምህርት ሊሸከም የቻለው በዚህ መተሳሰር ነው።

የአካባቢው ሊቃውንት የዜማ ትምህርቱን መነሻ ወደ 6ኛው መቶ ዓመት ይወስዱታል። በትውፊቱ መሠረት የዜማው ደራሲ የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጋይንት መጥቶ ዙር አምባ በተባለው ተራራ ላይ ሰንብቷል፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ከሚባሉት አምስት ድርሰቶቹ መካከልም ዝማሬን የደረሰው በዚያ እንደሆነ ይነገራል። ዝማሬ በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ በኋላ የሚዜም ምስጋና ሲሆን፣ መዋሥዕት ደግሞ በፍትሐተ ሙታንና በተዝካር የሚደርስ የጸሎት ዜማ ነው። ትውፊቱ በቃል የተላለፈ ቢሆንም ዙር አምባ ከዚህ ትምህርት ጋር ያለው ቁርኝት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ፣ ማለትም ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ተፈትኖ መምህር መሆኑ የሚመሰከርለት ስፍራ፣ ይኸው ዙር አምባ ነው። ሟችን የሚሸኝና ሐዘንተኛን የሚያጽናና ዜማ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የራሱ ጉባኤና የራሱ ማስመስከሪያ ያለው መሆኑ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህ አገልግሎት የሰጠችውን ክብር ያሳያል።

ከዙር አምባ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ሌላው የጋይንት ደብር የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ነው። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ በአካባቢው እንዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ክብና የሣር ክዳን የነበረው ሲሆን፣ በውስጡ ግን በተጠረበ ድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ ማዕዘናዊ ቅርጽ ያለው የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣቱ እንግሊዛዊ ተጓዥ ቶማስ ፓኬንሃም ወደ ስፍራው ደርሶ ሕንፃውን ባየ ጊዜ ለአውሮፓ የኪነ ሕንፃ ተመራማሪዎች አዲስ ግኝት ሆኖ ነበር፤ እርሱም ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተርኮታል። ለኢትዮጵያ የዜማ ተማሪዎች ግን ቤተ ልሔም ተሰውሮ አያውቅም ነበር፤ መንገዱን በእግራቸው ሲያቀኑት የኖሩት እነርሱ ናቸውና።

እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በሕዝብ አጠራር ግራኝ አሕመድ፣ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር ያደረጉት ጦርነት ለዜማው ትምህርት ከባድ ፈተና ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ መምህራን ሞቱ ወይም ተበተኑ፤ ዋናው ነገር በመምህሩ ጉሮሮና በተማሪው ጆሮ መካከል ለሚተላለፍ ትምህርት ደግሞ የመምህር መሞት ከመጽሐፍ መቃጠል የከፋ ጥፋት ነው። ጦርነቱ በወይና ደጋ ከተፈጸመ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስተምራል። ምልክት ማለት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ፣ ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚርገበገብ የሚያስታውስ ጽሑፍ ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከዚሁ ሥርዓት ጋር አብረው ይቆጠራሉ። ከዚያ ክፉ ዘመን በኋላ ጸንተው ከቀሩት የዜማ ስልቶች ሦስቱ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር ሲሆኑ፣ ቤተ ልሔም የጋይንት፣ ቆማ የእስቴ ነው። ሰፊው የአገሪቱ ክፍል የሚያዜመው በቤተ ልሔሙ ስልት መሆኑ ከዚህ ደብር የወጡ ተማሪዎች ምን ያህል እንደተሰማሩ ይመሰክራል።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፈተናው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መነኮሳት ትምህርት ተስበው ወደ ሮም ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ መኳንንት ሁለት ተከፈሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1617ም ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የንጉሡን ሃይማኖት በመቃወም ከተነሡት ጋር ሆነው በጦርነት ተገደሉ። በዚህ ወቅት በስማዳ ትኖር የነበረች አንዲት እመቤት የወሰደችው እርምጃ የአካባቢውን ስም ከኢትዮጵያ የቅድስና ታሪክ ጋር አያይዞታል። እርስዋም እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባልዋ መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ አማካሪዎችና የጦር አዛዦች አንዱ ነበር፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። በትዳር ሳለች በጾምና በጸሎት መጽናትዋን፣ ድኾችንና ካህናትን ማብላትዋን ገድልዋ ይተርካል፤ ነገር ግን ከቤቷ ተትረፍርፎ የሚሰጠው ምጽዋት ልቧን አላሳረፈውም። በመጨረሻ ከጣና በመጡ መነኮሳት ርዳታ ቤቷን ጥላ ወጣች፤ ባልዋ ተከታትሎ የተጠጋችበትን አገር ባስጨነቀ ጊዜ በእርስዋ ምክንያት ሌላው እንዳይጎዳ ተመለሰች፤ በጳጳሱ ግድያ ላይ ባልዋ መኖሩን ካወቀች በኋላ ግን ዳግመኛ ላትመለስ ተለየችው።

የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በተቃውሞዋ ነው፤ በንጉሡ ፊት አለመፍራትዋና ዠበይ ወደተባለ ስፍራ መጋዝዋ እውነትም ታላቅ ነገር ነው። ይሁንና ለዚህ ትረካ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያቋቋመቻቸው ማኅበራት አኗኗር ነው። በተለያየ ጊዜ የሰበሰበቻቸው ሰባት ማኅበራት ከስደት የሸሹ መነኮሳትንና ሴቶችን፣ በሽተኞችንና መጠጊያ ያጡትን አቅፈው፣ ሁሉ በጋራ እየሠራ በጋራ የሚበላባቸው ነበሩ። በሎሌና በገረድ ታጅባ ያደገችው እመቤት ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅምና እህል ስትፈጭ ገድልዋ ያሳያታል። ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ከእርስዋ ዕረፍት በኋላ ማኅበሩን መርታለች፤ የወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያም ኅዳር 17 ቀን ይከበራል። ገድልዋን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ከዕረፍትዋ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በዓይናቸው ያዩዋትን ሰዎች ጠይቆ ነው፤ በዚህም ምክንያት መጽሐፉ የዕለት ተዕለት አገልግሎትን በቅርብ የሚያሳይ ብርቅ ሰነድ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1632 የተዋሕዶ ሃይማኖት በአዋጅ ከተመለሰና ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ የጋይንትና የእስቴ ጉባኤያት ለመናገሻይቱ አድባራት መሪጌቶችንና ደብተራዎችን የሚያፈሩ ሆኑ። የትምህርቱ ቅደም ተከተል በዚህ ዘመን በየአድባራቱ ጸንቷል፦ ሕፃኑ በፊደልና በንባብ ጀምሮ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓንና ድጓን ይማራል፤ ቀጥሎ እንደ ዝንባሌው ወደ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ወደ ቅዳሴ፣ ወደ አቋቋም፣ ወደ ቅኔ ወይም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ የሚያገኝ የለም፤ ስለዚህ ተማሪ መሆን ተጓዥ መሆን ነው። ጎጃሜው ወደ ጋይንት ለዜማ ይመጣል፣ ጋይንቴው ለቅኔ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ በዚህ ምልልስ የአንዱ አውራጃ ትምህርት ለሌላው ይደርሳል።

የዚህ ተጓዥ ተማሪ ኑሮ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። የቆሎ ተማሪ፣ ከቤቱ ሲወጣ ቆሎ ሰንቆ በመሄዱ እንዲህ የሚባለው፣ ከበግ ቆዳ የተዘጋጀ ደበሎ ለብሶ፣ ከሣር ወይም ከሰሌን የተሠራ አኩፋዳ በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጁ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ፣ ማለትም ስለ ማርያም ስም ለምኖ፣ የተሰጠውን ቁራሽ እንጀራ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ጎጆዋም በደብሩ ዙሪያ ራሱ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረ ተማሪ የቀለሳት፣ አንድ ሰው ታጥፎ የሚተኛባት ናት። ከባለጠጋ ቤት የመጣ ልጅም ቢሆን ከልመና አይቀርም፤ ልመናው የችግር መወጫ ብቻ ሳይሆን ትዕቢትን የሚሰብር የትምህርቱ አካል ነውና። ሰጪዋ እናትም ምጽዋቱን እንደ ውለታ አትቆጥረውም፤ ምናልባት የእርስዋም ልጅ በዚያች ሰዓት በሌላ አገር ደጅ ቆሞ ሌላ እናት እየለመነ ነው።

ሌሊት ተማሪው ቀን የተቀበለውን በቃሉ ያጠናል፣ ማለዳ ለየኔታ ያሰማል፣ ከዚያ ቅጸላ ይቀጥላል። ቅጸላ መምህሩ ወይም አስቀጻይ የሚባለው የበሰለ ተማሪ ያዜመውን እየተከተሉ መላልሶ ማዜም ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላት በዘመነ ዮሐንስ፣ በዘመነ አስተምህሮና በዘመነ ፋሲካ ከፍሎ ስለሚይዝና በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልቶች ስለሚመላለስ፣ መዝለቁ፣ ማለትም ጨርሶ ማጠናቀቁ፣ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። ትምህርቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ተማሪው የራሱን ድጓ ይጽፋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ወጥሮ፣ ሥጋና ጠጉሩን ፍቆ፣ በድንጋይ አለስልሶ ብራና ያወጣል፤ ከጥላሸት ጥቁር ቀለም አዘጋጅቶ፣ በዓላቱንና ርእሱን በቀይ ለይቶ፣ በመቃ ብዕር ቃሉን ከጻፈ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ምልክቱን ያሰፍራል። ከዚያ ያን መጽሐፍ ተሸክሞ ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል፤ በዚያ መምህሩ እያሰሙት ያርማሉ፣ ይጠይቁታል፣ ሲበቃ ይመሰክሩለታል። የተመሰከረለት ሰው ቤተ ልሔም እንዲቀመጥ አይፈለግም። ወደ አገሩ ተመልሶ ወይም መምህር ወደ ጠፋበት ደብር ሄዶ ወንበር ይዘረጋል፤ የስብከተ ወንጌሉ መስፋፋት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከትምህርቱ መፈጸም ጋር አንድ ነው።

በዚሁ ዘመን የምእመናኑም አገልግሎት የራሱ ሥርዓት ነበረው። የጽዋ ማኅበር አባላት በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ ተራ እየገቡ ጠላና እንጀራ አዘጋጅተው ይሰበሰባሉ፤ ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚቀርብ ማዕድ ነው። በሁለቱም ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎች ድርሻ አላቸው፤ የታመመ አባል ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የሞተበት ይጽናናል። እነዚህ ማኅበራት በመዝገብ ስላልሰፈሩ ታሪክ ጸሐፊዎች በቸልታ አልፈዋቸዋል፤ ይሁንና በአንድ አጥቢያ የክርስትና ሕይወት ይጸና ወይም ይላላ እንደሆነ የሚታወቀው ከነገሥታቱ አዋጅ ይልቅ በእነርሱ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የፖለቲካው ማዕከል ወደ ደብረ ታቦር ሲዞር የእነዚህ አውራጃዎች ሸክም ከበደ፤ የሠራዊት መንገድ በመሆናቸው ቀለብና አጋዥ ሲጠየቁ ኖሩ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከስዊዘርላንድ የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፍረው ልጆችን ያስተምሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያድሉ ነበር። ንጉሡ ግን ከወንጌሉ ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈልገው መድፍ እንዲሠሩ አስገደዷቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም በዚያ ተቀልጦ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገድ የተቆረጠለት በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። ለማስተማር የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆነው መቅረታቸው የዚያን ዘመን ወንጌላዊ ጥረት ታላቅ ኀዘን ነው። ያም ሆኖ በዚሁ መቶ ዓመት የደብረ ታቦር ሊቃውንት ዜማውን በአዲስ ጌጥ አበለጸጉት፤ ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር ስሙ የሚነሣው ተክሌ አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በሰውነት ዝማሜ የሚቀርበው የማኅሌት ስልት፣ ማስመስከሪያው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሆኗል።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የካህናቱ መተዳደሪያ ሰሞን የሚባለው መሬት ነበር፤ ይህም በተራ ሳምንቱ ለሚያገለግል ካህን፣ ለመሪጌታውና ለመምህሩ የተሰጠ እርሻ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የመንግሥት ሲያደርግ ይህ ሁሉ ቀረ። ገባሩ ከጭሰኝነት መላቀቁ የጽድቅ ሥራ እንደነበር ሊካድ አይገባም፤ ለአብነት ትምህርት ቤቱ ግን፣ ማለትም ለዚሁ ነባር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ጉዳቱ ከባድ ሆነ። ብዙ የኔታዎች እንደ ማንኛውም ገበሬ በድርሻቸው ማረስ ጀመሩ፤ ቀን ሞፈር የጨበጠ እጅ ሌሊት መጽሐፍ ሲገልጥ ጉባኤው ይደክማል። ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን የሚመርጡት ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋምና አባላቱ በየዓመቱ አስተዋጽኦ እንዲከፍሉ የሚያዘው ደንብ፣ ከዚያ ወዲህ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ዋና ድጋፍ ሆኖ ቀረ።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ ቁራሹ ራሱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አሳየ። ገበሬው ለልጁ የሚሰጠው ሲያጣ ተማሪ ደጅ ቆሞ አይለምንም፤ ጉባኤው ይፈታል፣ የኔታም ብቻቸውን ይቀራሉ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ባቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አማካይነት ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር በአንድ የእርዳታ ጥምረት ውስጥ ሆና ለሰሜኑ ሕዝብ እህል አደለች። በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ደም የተፋሰሱ ወገኖች ወራሾች በአንድ የጭነት መኪና ስንዴ ማመላለሳቸው በኢትዮጵያ ክርስትና ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረ ነገር ነው። ፉድ ፎር ዘ ሃንግሪ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅትም በዚሁ ረኀብ ወቅት ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከጊዜ በኋላ በስማዳና በጋይንት በእርከን ሥራ፣ በምንጭ ማጎልበትና በምግብ ዋስትና ላይ ተሰማርቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የሴፍቲኔት ፕሮግራም እነዚህን ወረዳዎች ማቀፉ የእጦቱ ሥር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያመለክታል።

የተራቆተውን መሬት ለሚያይ ሰው በየጉብታው ላይ ተለይቶ የሚታየው አረንጓዴ ነገር የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው የተረፈው በቅጽሩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ነው፤ ይህን ያቆየው የካህናቱ ግዝትና የምእመናኑ ፍርሀተ እግዚአብሔር ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሰፊ ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህ ደኖች ከሰሜኑ ደጋ የጠፉ አገር በቀል ዛፎች የዘር ማከማቻ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራም ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ተካሂዷል። የኔታና ተማሪዎቻቸው የሚቀመጡትም ብዙ ጊዜ በነዚሁ ዛፎች ጥላ ሥር ነው።

በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ምሩቃንን አሰባስቦ የአብነት ትምህርት ቤቶችን መርዳት ከዋና ተግባሮቹ አንዱ ካደረገ ወዲህ፣ ለመምህራን ደመወዝና ለተማሪዎች ቀለብ የማሰባሰብ ልማድ እየሰፋ መጥቷል። ሆኖም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረው ጦርነት የጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ከአንድ ሳምንት በላይ በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትቆይ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ በሰብአዊ መብት መርማሪዎች ተመዝግቧል፣ የተጎዱትን ማጽናናትና መደገፍም ለአካባቢው አጥቢያዎች ከማንኛውም ስብከት የሚቀድም አገልግሎት ሆኗል።

ዛሬ ድጓ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይገኛል፣ ተማሪውም የመምህሩን ድምፅ በስልኩ ይቀርጻል፤ ማስመስከሩ ግን አሁንም በመምህር ፊት ነው። የተመሰከረላቸው መሪጌቶች በአዲስ አበባ ታላላቅ አድባራትና በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ያገለግላሉ። ከተማው ደመወዝ ስለሚከፍል የገጠሩ ወንበር መምህር ያጣበት ደብር እየበዛ ነው፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወንበራቸውን ሳይለቁ የተቀመጡ ብዙ የኔታዎችም ከሰበካ ጉባኤው ከሚያገኙት ጥቂት ብርና ከራሳቸው እርሻ በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። ተማሪዎቻቸው ግን እንደ ቀድሞው ከሩቅ አገር ይመጣሉ፣ የመንደሩ ሰውም የበረከተ መኸር በሰጠው ዓመት ብዙውን፣ በጎደለው ዓመት ጥቂቱን እያካፈለ ያስተምራቸዋል።